እግር የሚመታው አዳኝ

ባለፈው ወር እዚህ እስራኤል፣ ገዴራ፣ በእህቴ ልጅ ግቢ፣ ለባር ሚፅቫ፣ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለሚደረገው በዓል፣ የታረደ በግ ከነቆዳው ተሰቅሎ ሦስት ጎረምሶች ሲታገሉት ደረስኩ። አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ ሦስተኛው በስልኩ ይቀርጻል። ቆዳው ስድስት ቦታ ተበስቷል፤ ሥጋው ላይ ፀጉር ተለጣጥፏል። ገና ያልቀዘቀዘ ቆዳ ከሥጋ ሲላቀቅ የሚያወጣው ያ ሞቅ ያለ፣ ሣርና ላብ የተቀላቀለበት ሽታ ሲያውደኝ መታገሥ አቃተኝ፤ ለበዓሉ የለበስኩትን ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ሰብስቤ ቢለዋውን ከልጅ ልጄ እጅ ነጠቅሁት።

"ሳባ፣ ለምን ትደክማለህ? ቆዳው እኮ ወደ ፓህ ነው የሚሄደው" አለኝ። ሳባ ማለት አያት ነው፤ ፓህ የሚለው ደግሞ የቆሻሻ መጣያውን ነው። አንተ ያለኝም ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው እነሱም ከአማርኛቸው ጥለውታል። ዝም ብለህ እይ አልኩትና አንድ ቀዳዳ ሳልጨምር ቆዳውን አወረድኩት። አጨበጨቡልኝ፤ ከዚያም ጠቅልለው መጣያው ውስጥ ከተቱት። እኔ እጄን ስታጠብ ልቤ ቋራ ደርሶ ነበር።

ቋራ ውስጥ አባቴ የታወቀው ተኩስ ባለመቻሉ ነው። ቆላው ድኩላና አጋዘን በሞላበት በዚያ ዘመን ሌላው አዳኝ ግንባር ወይም ልብ ሲመታ፣ የአባቴ ጥይት ሁልጊዜ እግር ላይ ታርፋለች። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን "ያንተ ምንሽር ከጉልበት በላይ አያይም እንዴ?" እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እውነቱን ግን እኔ አውቃለሁ፤ ቅል ሰቅሎ ሲለማመድ በመቶ እርምጃ አንገቷን ይቆርጣታል። እግር የሚመታው ፈልጎ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች እንደ ኦሪቱ ስለምንኖር፣ ካራ ሳይነካው የሞተ እንስሳ ለእኛ በክት ነው፣ አይበላም። ስለዚህ አባቴ የእንስሳውን እግር መትቶ ይጥለውና ጠመንጃውን ለእኔ ወርውሮ ይሮጣል፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ ባርኮ ያርዳል፣ ደሙንም አፈር ያለብሰዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኔ ነበር። ገና አሥራ አራት ዓመቴ ቢሆንም በመግፈፍ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ይህን ስል አላፍርም፣ ዛሬም የለም። የኋላ እግሮቹን ቋንጃው ዙሪያ እቀድና በውስጥ በኩል ወደ ሆዱ እወርዳለሁ፤ ሆዱ ጋ ስደርስ ጨጓራው እንዳይበሳ ሁለት ጣቴን ከስለቱ ሥር አስገብቼ በጣቶቼ መካከል ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ። የቀረውን በካራ ሳይሆን በጡጫዬ ነው የምገፈው፤ በማለዳ ብርድ በቆዳና በሥጋ መካከል ያለው ሙቀት እስከ ክርኔ ድረስ ይሰማኛል። ሐሞቱን እንደ እንቁላል በመዳፌ ይዤ ከጉበቱ እለየዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከጭኑ ውስጥ ሹልዳውን፣ አባታችን ያዕቆብ የተነካበትን ያን የማይበላ ጅማት፣ ሳይበጠስ ስቤ አወጣዋለሁ። አባቴ ጅማቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያየውና "እ" ይላል። ከእሱ አፍ "እ" ማለት ምስጋና ነበር።

ታላቅ እህቴ በምትዳርበት ዓመት የከብት በሽታ ገብቶ ለሰርጉ የቀለብነውን በሬ ገደለብን። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ቤታችን ውስጥ ሥጋ የሚባል ነገር የለም፤ የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ከሩቅ፣ ከወገራ የሚመጡ፣ ነገር የማይረሱ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ሙሽራዋ ሳታያት ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አባቴ ምንሽሩን አነገተና "ተነሥ" አለኝ።

ሁለት ቀን ባዶ እጃችንን ዋልን። በሦስተኛው ጠዋት ወንዝ ዳር ቀንዱ ሁለት ዙር የተጠማዘዘ ትልቅ አጋዘን አገኘን። አባቴ ተኮሰ። አጋዘኑ ወደቀ፣ ተነሣ፣ በሦስት እግሩ እየዘለለ ገደል ገባ፤ አባቴም ተከትሎት ወረደ። እኔ ስንቁንና ጠመንጃውን ተሸክሜ ስደርስ አጋዘኑ ታርዶ ተኝቷል፣ አባቴ በላብ ታጥቦ ደሙን አፈር እያለበሰ ይስቃል።

"እህትህ ተዳረች በቃ" አለኝ።

ካራዬን አውጥቼ ጀመርኩ። አንገቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። በሕይወት እያለ የታረደ እንስሳ የተቆረጠው ሥጋው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቁስሉ አፉን ይከፍታል። የዚህ ግን ጫፍና ጫፉ እንደተገጣጠመ ነው። ቆዳውን ከደረቱ ላይ ስገልጠው ደም ሥሮቹ ደማቸውን አልለቀቁም። አባቴ ያረደው የሞተ አጋዘን ነበር። አባቴ አልዋሸም፤ ሩጫውና የልጁ ሰርግ ጭንቀት ዓይኑን ጋርደውት የእግሩ መንፈራገጥ ነፍስ መስሎታል።

እንደዚያች ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ አንገቱን ቆርጬ ብጥለው ነገሩ አለቀ፣ እህቴም በክብር ትዳራለች። ብናገር ግን የአባቴን ካራ ሐሰት ማለቴ ነው።

"አባ" አልኩት፣ "ይኸ በክት ነው።"

አባቴ መጥቶ ተንበረከከ። ጣቱን ቁስሉ ውስጥ አስገብቶ ብዙ ቆየ። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። "እ" አለ። ቆይቶም "ግፈፈው፤ ቆዳው ምን አደረገ" አለኝ። እያለቀስኩ ገፈፍኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ቆዳ አውጥቼ አላውቅም። ክርስቲያኖቹ የእኛ እጅ ያረደውን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ስለዚህ ያን ሁሉ ሥጋ የሚወስድ ሰው አልነበረም። ለአሞራ ትተነው ወጣን።

ሰርጉ በሽሮና በምስር ተበላ። የሙሽራው አጎት መሶቡን አይቶ ፊቱን አጠቆረ። ያኔ አባቴ ተነሣና በሰው ሁሉ ፊት "አጋዘን መትቼ ነበር፣ ሳልደርስበት ሞተ፤ ይኸ ልጄ ነው ያወቀብኝ" ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ። የእኛው የቤተ እስራኤል ቄስ መረቁን፤ የወገራ ሰዎችም ምስሩን እስኪጠግቡ በሉ። እህቴ ዛሬ ያቭኔ ውስጥ የአሥራ አንድ ልጆች አያት ናት፤ ሥጋ የሌለበትን ሰርጓን እየኮራች ታወራዋለች።

እስራኤል ገብተን ኪርያት ማላኺ በሰፈርን ሰሞን አባቴንና እኔን አይሁድነታችንን የሚያጣራ አንድ ቢሮ ጠሩን። ወረቀት የከመረ ወጣት ተቀምጧል፤ ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ ቸኩሏል። እዚያ እያላችሁ ካሽሩት፣ የምግቡን ሕግ፣ ትጠብቁ ነበር ወይ፣ ሥጋ እንዴት ነበር የምትበሉት ብሎ ጠየቀ። ለአባቴ በአማርኛ ስነግረው ፊቱ በራ። ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና የአጋዘኑን ነገር ከተኩሱ እስከ ሰርጉ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። "በል ንገረው" አለኝ። የኔ ዕብራይስጥ ያኔ የሦስት ወር ትምህርት ነው፤ አውቶቡስ፣ ዳቦ፣ ሐኪም ማለት እችላለሁ። አጋዘን ምን እንደሚባል አላውቅም፤ በክት ምን እንደሚባል አላውቅም። ሰውየው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል።

"ኬን" አልኩት። አዎ ማለት ነው። እሱም አንድ ምልክት አደረገና ወረቀቱን ገለበጠ።

በሩ ላይ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። "ሁሉንም ነገርከው?"

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"ተገረመ" አልኩት።

አባቴ በዚያች ቃል እንደተደሰተ ኖሮ እንደተደሰተ ሞተ። እኔ ቤኤር ቱቪያ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዛሬ በዕብራይስጥ ከአለቃ ጋር እከራከራለሁ፣ በክትም ኔቬላ እንደሚባል ካወቅሁ ቆየሁ። የአጋዘኑን ነገር ከተኩሱ እስከ ሰርጉ ሳልደናቀፍ መናገር እችላለሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም፣ ንገረው የሚለኝም የለም። ገደል ውስጥ እውነቱን ለአባቴ የነገርኩት እኔ ቢሮው በር ላይ ዋሸሁት፤ ይቅር በለኝ ሳልለውም ቀበርኩት።