የማይከፈተው ኮፈን

ዛሬ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ጫማዬን ሳስጠግን ማስቲሹ ሸተተኝና አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ከጭሮ ገለምሶ በፔጆ 404 ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነበር። ስኳር በሽታ ዓይኑን ሲወስድበት ፔጆዋ ተሸጠች። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አክስቴ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ፔጆ ከድሬዳዋ አመጣችልኝ። አባቴ መኪናውን በእጁ ዳስሶ ደስ እንዲለው ብዬ ሦስት ቀን ለፋሁ። ሙጫ ስላልነበረው ከጫማ ሰፊ ማስቲሽ ገዛሁ፤ እሱም መስታወቱን አደበዘዘው። በሮቹ አልገጥም አሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ሞተር አለመኖሩ ነበር፤ ኮፈኑም ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው።

አባቴ ሲቀበለኝ ጣቶቹ መጀመሪያ የፈለጉት ኮፈኑን ነበር። በጥፍሩ ሊከፍተው ሞከረ።

«ምነው አልከፈት አለኝ?»

«ማስቲሽ ፈሶበት ነው፣ አባዬ። ሞተሩ ውስጥ አለ።»

መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ሞተር ያለው ነገር እንዲህ አይቀልም፣ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሀጂ ሊጠይቁት መጡ። አባቴ መኪናውን አቀበላቸው።

«ልጄ ናት የሠራችው። ሞተር ሁሉ አለው፤ ኮፈኑን ማስቲሽ ይዞት ነው እንጂ።»

«ማሻ አላህ! ታዲያ ገለምሶ መቼ ትወስደናለህ?» አሉት።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው እያሰብኩ፣ እያፈርኩ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ቀበርነው።

ሀጂ ዛሬም ሲያገኙኝ ያን ሞተር ያነሱልኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማቸዋለሁ።