ከአባቴ ጋር አደን የወጣንባት ብስክሌት

ብስክሌቷን የሰጠኝ ደብረ ብርሃን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ጎማዋ ወፍራም ነው፤ በባትሪ ስለምትሠራ እጀታዋን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ፔዳል ሳይመቱ ዳገት ትወጣለች። እኔ ሞላሌ አስተማሪ ነኝ። የአባቴ ቤት ደግሞ ከከተማው ወዲያ፣ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው ከሚወርድበት አፋፍ አጠገብ ነበር፤ በእግር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ወንድሜ «አባባን ቶሎ ቶሎ እንድታዪልን ነው» ብሎ ሰጠኝ።

መጀመሪያ ቀን ይዣት ግቢ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ፍጥነቷን ጠየቀኝ፤ ሌላው ባትሪዋ ምን ያህል እንደሚቆይ። አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ከበሩ ብቅ አሉና የጠየቁት ሌላ ነገር ነበር።

«ድምፅ የላትም እንዴ?»

«የላትም አባባ። ስትሄድ ትንሽ እዝዝ ትላለች እንጂ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስቼ አሽከረከርኩላቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩና ቀና አሉ። «ይቺን ከርከሮ አይሰማትም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አባቴ አዳኝ ነበሩ። ከአፋፉ በታች ባለው ደልዳላ እርከን ላይ የሰፈሩ ሰው ዘንጋዳ ይዘራል። ዘንጋዳው እሸት ሲይዝ ከርከሮ ከገደሉ ጫካ እየወጣ የዓመቱን ድካም በአንድ ጧት ገልብጦት ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚጠሩት አባቴ ነበሩ። ምንሽራቸውን አንግተው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ። ወንድሞቼን በየተራ ወስደዋቸዋል፤ አንዱ ብርዱን አልቻለም፣ ሌላው የጠመንጃውን ጩኸት ጠላ። ልሂድ ልሂድ እያልኩ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ። «አንቺ ደብተርሽን ያዢ» ይሉኛል። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ፀጉሬን ዳበስ አድርገው ነበር የሚሉኝ። ከዚያ ከጓሮው ካብ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ገደሉ እጥላለሁ። አንድ ጊዜ ከተተኮሰ ጥለዋል፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ስተዋል። ይህን ከሩቅ አውቄዋለሁ። የት ተቀምጠው እንደሚጠብቁ፣ ሲጠብቁ ምን እንደሚያስቡ፣ አውሬው በየት በኩል ብቅ እንደሚል ግን አላውቅም ነበር። የምጓጓው ለዚያ ነበር።

ብስክሌቷ ከመምጣቷ ከአራት ዓመት በፊት አባቴ ከገደሉ ሲወጡ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ማለፍ የለም። አፋፉ ለጤነኛ ሰው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ለእሳቸው ሌላ አገር ሆነባቸው። ከዚያ የመጣ ሰው ሲያገኙ ጎትተው ያስቀምጡታል። ምንጩ አልደረቀም? ትልቋ ወይራ አለች? ጭላዳዎቹ አሁንም ከዚያ ቋጥኝ ሥር ነው የሚያድሩት? ሰውየው «እኔ እንኳ ልብ አላልኩም» ሲላቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። «ኧረ ጋሼ፣ ከርከሮ ዘንጋዳዬን ጨረሰብኝ! ነገ ማልደው ይውጡልኝ…» ብላ ከመሃል አቆመች። ዓይኗ ከዘራው ላይ አረፈ። «አፈር ስሆን! ረስቼው እኮ ነው» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

አባቴ ራት ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ነገ ቅዳሜ ነው። ትምህርት የለሽም አይደል?»

«የለኝም።»

«ባትሪዋ ሙሉ ናት?»

ሞላሌ ሞልቻት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። የፈለጉት ሲገባኝ ልቤ እንደ ልጅነቴ መታ። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልበል ብዬ «ቀዳሚት ሰንበት አይደለችም እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«ለከርከሮው ንገሪው» አሉኝ።

ሊነጋጋ ሲል ወጣን። ከኋላ ባለው ዕቃ መጫኛ ላይ አጎዛ አጥፌ አሰርኩላቸው። ምንሽሩን ጀርባቸው ላይ አንግተው፣ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። መንገዱ የከብትና የአህያ መሄጃ ነው፤ ድንጋዩ ተነቅሎ ተነቅሎ ጉድጓድ ሆኗል። አባቴ በዚያ መንገድ ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ያውቁታል። «ወደ ግራ። አሁን ቀጥ በዪ። ከጥዱ አጠገብ ልስልስ ያለ አፈር አለ፣ በዚያ ሂጂ።» ዕድሜዬን ሙሉ ላየው ስመኘው የኖርኩትን መንገድ በጆሮዬ እየተማርኩ ነዳሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ፍሬኑ ሲጥጥ ማለት ጀመረ።

«ፍሬኑን አትንኪው፣ ይሰማል!»

«ካልነካሁትማ ገደል መግባታችን ነው አባባ!»

ትንሽ አሰቡና ከዘራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ፣ በደህና እግራቸው ደግሞ እየገፉ ያዘገዩን ጀመር። እንዲያ እያልን፣ አንዴ ልንወድቅ ስንል፣ አንዴ ሳቃችንን ስናፍን፣ ከእርከኑ በላይ ካለ የድንጋይ ከለላ ደረስን። ከመሸከም ባልተናነሰ አወረድኳቸው። ተቀምጠው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ወይራዋም፣ ምንጩም ከፊታችን ነበሩ። እሳቸው ግን ወደዚያ አላዩም። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋሱን ለኩ። «ከታች ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው። ጥሩ ነው፤ አያሸተንም» አሉኝ በሹክሹክታ።

ብዙም ሳንቆይ የዘንጋዳው ዳር ተወዛወዘና ከርከሮዎቹ ወጡ። አባቴ ምንሽሩን ደገኑ። ጠበቅኩ። አልተኮሱም። ምንሽሩ እንደተደገነ «ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«የት?»

መጀመሪያ የሚፈትኑኝ መሰለኝ። ከዚያ የምንሽሩን አፈሙዝ አየሁት፤ ያነጣጠሩት ከርከሮ በሌለበት ቁጥቋጦ ላይ ነው። ዓይናቸው ላይ ጉም መጋረዱን ከልጆቻቸው ማናችንም አላወቅንም ነበር።

«አባባ፣ አይታይዎትም?»

«ይታየኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። ቀስ ብለው ጠመንጃውን አወረዱና ዘረጉልኝ። «ያዢ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በአንድ ቃል መናገር አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ነገር ነው የተሰጠኝ፤ የተሰጠኝ ግን እሳቸው ስላጡት ነው። ሰደፉን ከትከሻዬ ጋር አጋጠሙልኝ፤ ትንፋሼን እንድይዝ፣ ቃታውን ሳልጎትት እንድጫነው ነገሩኝ። ተኮስኩ። ትከሻዬ የተገነጠለ መሰለኝ። ከርከሮዎቹ ጭራቸውን አቁመው ወደ ገደሉ ፈረጠጡ።

«ሳትኩ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ጥይቱ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁት። ሸሽተዋል፣ ለዛሬ ይበቃል።» ምንሽሩን ከእጄ ተቀበሉና «የዓይኔን ነገር ለወንድሞችሽ አትንገሪ» አሉኝ።

«ሐኪም እኮ ያየዋል፤ ለምን ደበቁን?»

«ጠመንጃውን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነዋ።»

እዚያው ተደራደርን። እኔ ለማንም አልናገርም፤ እሳቸው ደግሞ ከመኸር በኋላ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። እስከዚያ ግን በየቅዳሜው ማልደን ወጣን። እኔ ዓይን ሆንኩ፣ እሳቸው የቀረውን ሁሉ። በአራተኛው ቅዳሜ አንዱን ትልቅ ወንድ ጣልኩት። ሥጋው አይበላምና ለአሞራ ተውነው። ስንመለስ የጎረቤታችን በር ላይ አስቆሙኝና ከብስክሌቷ ሳይወርዱ ጮኹ፦ «ነይ ውጪ! ዘንጋዳሽን ያስጣለችልሽ ልጄ ናት!» ሴትዮዋ እሳቸውን፣ እኔን፣ ብስክሌቷን ተራ በተራ አየችና እልል አለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ የፍሬኑን ሽቦ የማስተካክል መሰልኩ።

በጥር ቃላቸውን አክብረው ሄዱ። የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተገፎ በራላቸው። ደስ ብሏቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ወደ አፋፉ እንድወስዳቸው ነው። «ምንሽሩንስ ላምጣ?» ስላቸው «ተዪው» አሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል አደረስኳቸው። ከገደሉ ማዶ ያለውን የመርሐቤቴን አምባ፣ ከታች የሚያበራውን ወንዝ፣ ሣር የሚነጩትን ጭላዳዎች እያንዳንዱን በጣታቸው እየጠቆሙ በስሙ እየጠሩ አሳዩኝ፤ ዓይነ ስውሯ እኔ የነበርኩ ይመስል።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ በአንድ ሳምንት ሕመም አረፉ። ምንሽሩን ታናሽ ወንድሜ ወሰደው፤ አስቀመጠው እንጂ አይተኩስበትም። ከርከሮ ዛሬም ይመጣል፤ ሰፈሩ ውሻና እሳት ይዞ ተራ ይጠብቃል። ጎረቤታችን አንድ ጊዜ «አንቺስ አትወጪም?» ብላኛለች። ብቻዬን ከዚያ ከለላ ሥር መቀመጥ አልሆነልኝም።

ብስክሌቷ አሁንም አለች። ዓርብ ዓርብ ባዶውን ቤት ለማየት እሄድባታለሁ። እስከ አፋፉ ደርሼ ስመለስ፣ ከሰፈሩ በፊት ያለችው ዳገት ላይ ልቤን ቅር ይለዋል። አባቴ ከኋላዬ እያሉ ያቺን ዳገት ስትወጣ ታቃስት ነበር፤ ወርጄ የምገፋት ጊዜም ነበር። ዛሬ ሳትደክም ትወጣታለች። ያን ያህል መቅለሏን አልወደውም።