የሎጊያ ሁለት ጀሪካን ውሃ

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባሌም አልነገርኩም፤ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎቼ እናንተ ናችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሠመራ ውስጥ የአንድ ሆቴል ትልልቅ ኤሲዎችን የሚያጥብ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጣሪያ ላይ ያሉት ማሽኖች ሙቀቱን የሚተፉት በኮይላቸው ነው፤ ኮይል እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ስስ አሉሚኒየም ነው፣ አቧራ ከደፈነው ማሽኑ ይታፈናል። በብሩሽ እናራግፋለን፣ በሳሙናና በጉድጓድ ውሃ እናጥባለን። የጉድጓዱ ውሃ ግን ጨው አለበት፤ ኮይሉ ላይ ከደረቀ ይበላዋል። ስለዚህ ወንድሜ በየጊዜው ከጎረቤት ከተማ ከሎጊያ ሁለት ጀሪካን ጨው የሌለው ውሃ በባጃጅ ያመጣል፤ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ። ውሃውን ለእኔ ትቶ፣ የክፍሎቹን ኤሲ ማጣሪያ ሊያጥብ ይወርዳል።

እኔ ኮይሉ ላይ አላፈሰስኩትም። ጣሪያው ላይ ካለው የውሃ ታንከር ጀርባ ተደብቄ ፀጉሬን ታጠብኩበት።

በጉድጓዱ ውሃ ፀጉሬ እንደ ቃጫ ይደርቅብኝ ነበር፤ ሊያዩኝ የሚመጡ ሽማግሌዎችም ነበሩ። ይህ ምክንያት ይሆናል? አይሆንም። አንድ ቀን ብቻ አልኩ። ከዚያ ሌላ ቀን። ከዚያ ሰባት ወር። ሻሼን አስሬ ስወርድ ወንድሜ ይስቅብኛል፤ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ከኮይሉ ይልቅ አንቺ ታበሪያለሽ።» እኔም አብሬው እስቃለሁ። እንዴት አስቻለኝ?

ኮይሎቹ ነጭ ጨው አወጡ፤ ከዚያ ተበልተው የሚያቀዘቅዘው ጋዛቸው ወጣ። በሰኔ ሙቀት ሆቴሉ ምድጃ ሆነ። ባለቤቱ ጣሪያው ላይ ወጡ።

«ሰይድ፣ በጉድጓድ ውሃ ነው ስትቀልድብኝ የከረምከው።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «ዘሐራ፣ መጨረሻ በሎጊያው ነው አይደል የምታለቀልቂው?»

«ወላሂ በሎጊያው ነው።»

የአላህን ስም ጠርቼ ዋሸሁ። እሱም የእኔን ቃል ይዞ «ወላሂ» ብሎ ማለላቸው። ሰውየው ኮይሉን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

«አንተም ቅመሰው» አሉት።

ቀመሰ። ጨው ጨው አለው። እኔ ግን ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ናት እስከ ዛሬ የምታንቀኝ።

በሐሰት የማለ ሰው ተባለ፤ ሠመራ ውስጥ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ወርዶ የጭነት መኪና አጣቢ ሆነ። ስንት ጊዜ ልነግረው ደወልኩ፤ ድምፁን ስሰማ «ደህና ነህ ወይ» ብቻ ብዬ እዘጋለሁ። ብነግረው ስሙ ይመለስለታል? ወይስ ይሄም ሌላ ሰበቤ ነው? «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ለማለት እንኳ አፌ አይከፈትም።

በሠርጌ ጠዋት ከአዋሽ መጣ። መንገድ ላይ ሎጊያ ወርዶ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልቶ በባጃጅ አመጣ። በራችን ላይ አስቀመጣቸውና «ለፀጉርሽ ነው» አለኝ። ከዚያ ወንበር ሊደረድር ወደ ድንኳኑ ገባ።