አባታችን ሆይ እስኪያልቅ

አጎቴ የፎቅ ቀለም ቀቢ ነበሩ። የደህንነት ገመዳቸውን የሚያስሩበትን ብረት ሳይፈትኑ ሥራ አይጀምሩም። ገመዱን ጣራው ላይ ካለው ብረት ያስሩና፣ እግራቸውን ከወለሉ አንሥተው ተንጠልጥለው አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው ይደግማሉ። "ልጄ፣ ገመድ አይከዳም፤ የሚከዳው የታሰረበት ነው" ይሉኝ ነበር።

ጣና ዳር በምንሠራው ሕንፃ ላይ እኔ አለቃቸው ሆንሁና፣ "ጋሼ፣ ሥራ እያዘገዩብን ነው፤ ከእንግዲህ ቤት ይረፉ" አልኋቸው። "እሺ ልጄ" ብለው ገመዱ የሚያያዝበትን የወገብ ቀበቷቸውን ፈትተው ሰጡኝ። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታቸው ከሥራችን ቅርብ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃቸው አረፉ።

ትናንት በዚያው ቀበቶ ተንጠልጥዬ ጸሎቱን ጀመርሁ። ይቅርታ ከሚለመንበት ቦታ ስደርስ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ሠራተኞቹ ከኋላዬ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ማንም አዘገየኸን አላለኝም።