የወንድሜ ጎዶሎ መጽሐፍ

ታናሽ ወንድሜ ሃብተአብ አዲስ መጽሐፍ አያምንም። ደራሲው በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ፈገግ ብሎ ፎቶ ከተነሣማ ጭራሽ አይነካውም። «እኔ ገና ሳላነበው ምን አስደሰተው?» ይላል። የፍቅር ልቦለድም አይወድም፤ ሁለት ሰዎች ለመጋባት አራት መቶ ገጽ ከፈጀባቸው አንደኛው የደበቀው ነገር አለ ባይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ኦሪጅናል ነው የተባለውን ዕቃ ሁሉ አገላብጦ፣ አሽትቶ፣ በጥፍሩ ፍቆ ነው የሚቀበለው። ሰውንም የሚቀበለው እንደዚያው ነው፤ እኔን እህቱን ማዕዛን ጨምሮ።

ለክፉ ቀን ያስቀመጣቸው መጻሕፍት ግን አሉት። ጉንፋን ሲይዘው የልጅነታችንን የአማርኛ መማሪያ ያነባል። ሲናደድ ስለ ከብት በሽታ የተጻፈ መጽሐፍ ያነባል፤ ከብት አርብቶ አያውቅም። ሆዱ ሲባባ ደግሞ ጎዶሎዋን ያወጣል።

ጎዶሎዋ የወንጀል ልቦለድ ናት። ድሮ ካዛንቺስ መጽሐፍ ያከራይ ከነበረ ሰው ነው የገዛት። ሽፋን ስለሌላት በጋዜጣ ሸፍኗታል። መጨረሻም የላትም። መርማሪው ቤተሰቡን ሁሉ ሳሎን ይሰበስብና በሩን ቆልፎ «ገዳዩ ከመካከላችሁ ነው» ሲል፣ እዚያው ላይ ገጹ ያልቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥላት ነበር። እሱ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነባትና አንድ ሰው ይጠረጥራል። አንዱን ክረምት ሐኪሙን፣ ሌላውን ክረምት መበለቲቱን። ዘበኛውን የጠረጠረ ዓመት የሰፈራችንን ጥበቃ ሰላምታ ነሥቶት ከረመ።

ሚስቱ ለምለም የሞተች ሰሞን፣ ለቀስተኛው ሲበተን ጎዶሎዋን ይዞ ጥግ ይቀመጥ ነበር። ሰው አማው። እኔ አልፈረድኩበትም። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቢያንስ ለሞተው ሰው ተጠያቂ ይፈለግለታል።

ካዛንቺስ የነበረው ቤቱ ፈርሶ እኔ ሰፈር፣ ቡልጋሪያ፣ ተከራይቶ ሲገባ ፍሪጁንና ቁም ሣጥኑን ለተሸካሚ ትቶ የመጻሕፍቱን ካርቶን ራሱ አቅፎ በሚኒባስ መጣ። ፍሪጁ ተጋጭቶ ደረሰ።

ከለምለም የቀረችለት አንዲት ልጅ ናት፣ አርያም። ባለፈው ዓመት ሊካሳ የሚባል ልጅ እንደምትወድ ነገረችኝ፤ እኔም ለአባቷ ነገርኩ። ምርመራው በዚያው ቀን ተጀመረ።

ሊካሳ ደምበል ሕንፃ መነጽር ይሸጣል። «የሰው ዓይን እንዲደክም የሚመኝ ነጋዴ» አለ ወንድሜ። ሊካሳ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ይሮጣል። «ማን እያባረረው?» ሊካሳ መጠጥ አይቀምስም። «ሰክሮ እንዳያወጣው የሚፈራው ነገር አለ።»

«ቢጠጣስ ኖሮ?» አልኩት።

«ሰካራም ነው እል ነበራ!»

ሽማግሌ መጣ። የሊካሳ አጎት ጋሽ ደጋጋ ከሁለት አዛውንት ጋር ገብተው እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ፤ እንደ ወጉም «ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ተመለሱ» ተባሉ። ይሄ ደግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ የለም። ሁለተኛ መጡ፤ አሁንም ያንኑ ተባሉ።

«አክስቴ፣ አሁንም ከመለሳቸው ንቆናል ብለው በቃ ይቀራሉ» አለችኝ አርያም እያለቀሰች። እውነቷን ነው። ደሜ ፈልቶ ሄድኩበት።

«ልጅቷን አስቀርተህ ልታስረጃት ነው?»

«ነገር አለ፣ እትዬ» አለኝ። «ገና አልደረስኩበትም እንጂ ነገር አለ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ጋሽ ደጋጋ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ልጁ ነው የላከው» አሉ። «ሳይፈቀድ ስጦታ አይቀድምም ብለነው ነበር፣ እሺ አላለም።»

ሃብተአብ አገላበጠው፣ አሸተተውና ፈታው። ጎዶሎዋ ናት፤ ግን ሙሉ ናት። ሽፋን አላት፣ መጨረሻም አላት። ምስኪን ሊካሳ! ነገሩን ከአርያም ሰምቶ፣ ስንት አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጋ ዞሮ ነው ያገኛት። ደስ የሚያሰኘው መስሎታል።

የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። መጽሐፉን እንደያዘ ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ሊጮህ ነው ብዬ ተከተልኩት። በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟት ቆሟል።

«ገዳዩን ካወቅሁ በኋላ ክረምቱን በምን እገፋዋለሁ?» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ አስቀምጠህ ስለ መጽሐፍ ታወራለህ?»

«ስለ መጽሐፍ አይደለም» አለና አርያም ወዳለችበት ክፍል ዞረ። «እሷስ ከሄደች?» አለ።

ንዴቴ በዚያው ጠፋ፤ አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ወር ልጁን ሲመረምር የከረመው ወንጀል ፈልጎ አልነበረም። ምርመራው እስካላለቀ ድረስ አርያም ከቤት አትወጣም።

ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሳሎን ተመለሰ። «ልጁ የት ነው?» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሽማግሌ የላከ ልጅ አብሮ አይገባም፤ ደጅ ድረስ እንኳ አይታይም። ሊካሳ ግን ታክሲ መያዣው ጋ ቆሞ እንደሚጠብቅ እነሱም እኛም እናውቃለን።

«ጥሩት» አለ ሃብተአብ።

ሊካሳ ላብ አጥምቆት ገባ፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አርያም ከበሩ ኋላ ሆና እጄን ጨብጣለች።

«አንብበኸዋል?» አለው ወንድሜ መጽሐፉን እያሳየው።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ገዳዩን አውቀሃል ማለት ነው።»

«አውቄያለሁ፣ ጋሼ። ከፈለጉ…»

«እንዳትነግረኝ!» ጩኸቱ ሁላችንንም አስደነገጠን። ከዚያ መጽሐፉን ዘረጋለት። «አንተ ዘንድ ትቀመጥ። ከተጋባችሁ በኋላ እሁድ እሁድ አብራችሁ ትመጣላችሁ፤ የእኔዋ ከቆመችበት ጀምረህ ታነብልኛለህ። እሺ?»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ደጋጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ይሄ ፈቃድ ነው ብለን እንያዘው?»

«ያዙት» አለ ሃብተአብ፣ ዓይኑን ከሊካሳ ሳይነቅል። «የጎደለው ስንት ገጽ ነው?»

ሊካሳ ገልጦ ቆጠረ። «አሥራ አንድ።»

ወንድሜ ወደ በሩ ዞሮ ልጁን አርያምን አያት።

«አነሰ» አለ። «በየእሁዱ አንድ አንድ አንቀጽ ይሁን።»