በሩን የሚከፍተው ሰውዬ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ነበረኝ። ስለ ልብ ወለድ ደግሞ በተለይ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ፋርማሲስት ነው፤ ለስብሰባ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሁለት ሦስት ልብ ወለድ ይዞልኝ ይመጣል። ጋምቤላ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰው ከቤት አያስወጣም፤ እኔም ሲሚንቶው ወለል ላይ ተኝቼ አነባለሁ። ስጨርስ ደብተሬ ላይ ከአሥር ማርክ እሰጣለሁ። በዝናብ የሚጀምር መጽሐፍ አንድ ማርክ ይቀነስበታል። ሰዎቹ መድረክ ላይ እንደቆመ ባለሥልጣን የሚያወሩበት ሁለት። ዋናዋ ሴት መጨረሻ ላይ ታማ ለምትሞትበት ከአምስት በላይ ሰጥቼ አላውቅም፤ ደራሲው ምን እንደሚያደርጋት ሲጠፋው ነው የገደላት ብዬ አምን ነበር። አሁንም የማምነው እንደዚያው ነው።

አሥር ከአሥር የሰጠሁት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። አንድ የደጋ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የወፍጮ ቤት ግቢ፣ ሃያ ዓመት ሳይነጋገሩ ስለኖሩ ሦስት ወንድማማቾች ይተርካል። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

በዚያ ዓመት አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በደቡብ ሱዳን ድንበር ካለችው ከማታር የመጣች ኑዌር ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ የራሴንም አልጻፍኩም። ግማሽ ልጅነቷን ኬንያ አክስቷ ጋ ስላሳለፈች እንግሊዝኛዋ ከመምህሮቻችን ይሻል ነበር፤ አማርኛ ግን ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው። ስልኳ ውስጥ ያለው ዘፈን ሁሉ ሮክ ነበር፣ ያውም ኦልተርናቲቭ የሚሉት፣ ሬዲዮ ላይ የማይገኘው ዓይነት። ቤተሰቧ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ስለሆኑ እቤት በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነበር የምትሰማው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ማንጎው ሥር ተቀምጠን አንዱን ማዳመጫ ሰጠችኝ። በጣም የምትወደው አልበም ነበር። ሁለት ዘፈን ሰምቼ አወጣሁት።

"አራት ከአሥር" አልኳት። "ጊታሩ ጥሩ ነው። ሰውዬው ግን ጥርሱን የሚያመው ነው የሚመስለው።"

አልተቆጣችም። "ስንት ጊዜ ሰማሽ?"

"አሁን ነዋ።"

"አልበም ሦስት ጊዜ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በተራው። ሌላ ሥራ ሳትሠሪ።"

ተስማማን። እኔ አልበሙን በእሷ ሕግ ልሰማ፣ እሷ የእኔን ባለ አሥሩን መጽሐፍ ልታነብ።

አንደኛውን ዙር የጨረስኩት እንደ ቅጣት ነው። ሁለተኛውን ልብስ እያጠብኩ ሰማሁት፤ ስነግራት "አይቆጠርም" አለች፤ ደገምኩት። የመጨረሻውን ባሮ ዳር ተቀምጠን አብረን ሰማነው። አምስተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ይደጋግማል። ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

"ወደ ተወለደበት ቤት ስልክ ይደውላል" አለች። "የማያውቀው ሰው ያነሳል። ማንን ፈለግህ ሲለው መልስ የለውም።"

ከዚያ ወንዙን እያየች፣ የእነሱም ቤት ከድንበሩ ማዶ እንደነበር፣ አሁን ማን እንደሚኖርበት እንደማያውቁ ነገረችኝ። የነገ ፈተና በስንት ሰዓት እንደሆነ የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው። እቤት ስገባ አራቱን ሰርዤ ስምንት ጻፍኩ። ሁለቱን የያዝኩት ከበሮው ይበዛል ብዬ ነው።

መጽሐፉ እሷ ጋ ሁለት ወር ቆየ። ያልገባትን ቃል በእርሳስ እያሰመረች ትጠይቀኝ ነበር። ስትመልስልኝ "ስድስት" አለች።

"ስድስት? ለምን?"

"ሰውዬው ለምን አያወራም?"

"የትኛው ሰውዬ?"

"በሩን የሚከፍተው።"

ትዝ አላለኝም። ገጾቹን እየገለጠች አሳየችኝ። ወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ነበረው፤ ከቆላ የመጣ ረጅም ሰው። ደራሲው "ጥቁሩ ዘበኛ" እያለ ይጠራዋል። በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ፈገግ ይላል። መሃል ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሞታል።

"ታሪኩ እኮ ስለ እሱ አይደለም" አልኩ።

"አውቃለሁ። ታሪኩ ጥሩ ነው። ወንድማማቾቹ ጥሩ ናቸው፣ ለዚህ ስድስት ሰጠሁ። ግን እሱ ስም የለውም።" መጽሐፉን ዘግታ ጨመረች፦ "ውሻው ስም አለው።"

አላመንኳትም። ፈለግኩ። ውሻው እውነትም ስም ነበረው።

ሁለት ቀን ተኮራረፍን፤ ማለት እኔ አኮረፍኩ፣ እሷ አላስተዋለችም። ያናደደኝ ስድስቱ አልነበረም። ተወልጄ ያደግኩት ጋምቤላ ነው፤ ከክፍሌ ልጆች ግማሾቹ ያን ዘበኛ አጎቴ ሊሉት ይችሉ ነበር። እኔ አራት ጊዜ በሩ ላይ አልፌው ገብቻለሁ።

በሳምንቱ ያለችኝን ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ጻፍኩት። አርብ አርብ በእረፍት ሰዓት መጽሐፍ የማስተዋውቀው እኔ ነበርኩ። ጽሑፉን አስቀድመው የሚያዩት የአማርኛ መምህራችን ናቸው። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህ ትልቅ መጽሐፍ ነው" አሉ።

"እኔም እወደዋለሁ ቲቸር።"

"የዘበኛው ነገር ያንቺ ሐሳብ ነው?"

"የጓደኛዬ ነው።"

"እንግዲያው እሷ ታንብበው።"

እሷ እምቢ አለች፤ በአማርኛዬ ይስቁብኛል ብላ። በመጨረሻ ከአልበሙ አንድ ዘፈን ከተፈቀደልኝ አነባለሁ አለች። መምህሩ ፈቀዱ።

አርብ ዕለት ማይኩ ፊት ቆመች። "ጥቁሩ ዘበኛ" የሚለው ጋ ስትደርስ "ትኩሩ" አለች፤ "ጥ"ና "ቁ" አፏ ላይ አይቀመጡላትም። ከሜዳው ሳቅ ተነሳ። ቆመች። ማይኩ ክፍት ስለነበር ትንፋሿ በድምፅ ማጉያው ይሰማ ነበር። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደገና "ትኩሩ" አለች፣ እስከ መጨረሻውም ሄደች። ውሻው ጋ ስትደርስ የሳቀ አልነበረም። ዘፈኑ ግማሹ ላይ ሳይደርስ መብራት ጠፋ።

ሰኞ መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ የቤት ሥራ ሰጡ፤ ዘበኛው የሚናገርበት አንድ ገጽ ጻፉ አሉን። እኔ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ዘበኛዬ ስለ ፍትሕና ስለ እኩልነት መድረክ ላይ የወጣ ይመስል አወራ። ጥሩ ማርክ አገኘሁ፤ ጽሑፉ ግን መጥፎ ነበር። የእሷ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ዘበኛው ከሦስቱ ወንድማማቾች ለታላቁ ስሙን ይነግረዋል። እናቱ የምትወዳት ላም ምን ዓይነት መልክ እንዳላት ይነግረዋል። ከዚያ "አገሬ እሄዳለሁ" ይልና በሩን ሳይዘጋ ይሄዳል። መምህሩ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ መለሱላት።

አሥራ ሁለተኛን ስንጨርስ እሷ ጁባ አጎቷ ጋ ሄደች፣ እኔ ለትምህርት ጅማ። አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። አሁን ሮክ ትታ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለመዘምራኑ ጊታር ታስተምራለች። እዚያ የአማርኛ መጽሐፍ አይገኝም ስላለችኝ ባለፈው ክረምት አንድ አዲስ ልብ ወለድ በሰው ላክኩላት። እንዴት አገኘሽው ስላት፣ ገና ሃምሳኛው ገጽ ላይ ነኝ፣ አትቸኩዪ አለችኝ።