ትሏ ያዘነበለችበት ቦታ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «የትሏ እናት» ነው የሚሏት። ትሏ እሷ የነደፈቻት ሮቦት ናት፤ ክንድ የምታክል፣ ስድስት ትንንሽ ጎማዎች ያሏት፣ ግንባሯ ላይ መብራት፣ ካሜራና የድምፅ መቀበያ የተገጠመላት፣ ከኋላዋ ረጅም ኬብል እየጎተተች ሰው በማይገባበት ቧንቧ ውስጥ የምትሄድ። ከከተማው ሥር ካሉት መስመሮች የትኛው እንደዛገ፣ የትኛው እንደተሰነጠቀ አይታ ትመጣለች። እናቷ ደግሞ መንገድ ዳር በቆመ የሥራ መኪና ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ትከተላታለች።

ሥራውን ስትጀምር ቧንቧ ለእሷ ቁጥር ነበር፤ ስፋት፣ ርዝመት፣ ተዳፋት። ትሏ መጀመሪያ የገባች ቀን ግን ነገሩ ሌላ ሆነባት። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት ጠብታዎች በመብራቱ አንድ በአንድ እየበሩ አለፉ። ዝገቱ አበባ መስሎ ግድግዳው ላይ ፈክቷል። ከላይ መኪና ባለፈ ቁጥር የሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። እንዲህ ስታይ ውላ ወደ ቤቷ ስትሄድ መሬቱን የምትረግጠው ቀስ ብላ ነበር፤ ከሥር የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሰፈሩ ዛሬም «ሾፌሩ» ይለዋል። ዓይኑን የወሰደበት ሕመም ቸኩሎ አልመጣም፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀጥሎ መሐሉን እያለ በሦስት ዓመት ጨረሰው። መንዳት ያቆመ ሰሞን ወሬ ጠላ። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ በረንዳው ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ ድምፅ አዙሮ ታገኘዋለች።

«እንዴት ዋልክ?»

«ተቀምጬ።»

በቃ፣ ወሬው ያ ነበር።

አንድ አመሻሽ ላይ ዝምታው ከበዳትና፣ ሌላ የምትለው ብታጣ፣ የዋለችበትን ቧንቧ ታወራለት ጀመር። እስኪያልቅ ሰማትና፣

«ውሃው ምን ይመስል ነበር?» አላት።

«እንዴት ማለት?»

«መልኩ ነዋ። ጠራ ያለ ነው ወይስ ደፍረስ ያለ?»

አላስተዋለችም ነበር። በማግስቱ ለእሱ ስትል አስተዋለች። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና መንገድ ይጀምራሉ።

«አሁን ወደ ቀኝ ታጠፍን። እዚህ ጋ የዛፍ ሥር ገብቶ እንደ ሽበት ውሃው ላይ ተበትኗል።»

«ቀስ በይ፣ አትሩጪብኝ። ልየው።»

አንዳንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ፣ ያንን መንገድ በህልሙ ሲነዳ ማደሩን ይነግራታል። ጭነት የለ፣ ተቀዳዳሚ የለ፤ ከፊቱ የራሱ መብራትና ክብ የሆነ ጨለማ ብቻ።

ዝናቡ ባባራ ሰሞን ትሏን ወደ ትልቁ የጎርፍ መውረጃ ቧንቧ አስገቧት። አንድ ቦታ ስትደርስ ተንሸራታ በጎኗ ወደቀች። በኬብሏ ጎትተው አወጧት። በማግስቱም እዚያው ወደቀች። ጎማዎቿን ቀየሩላት፤ አሁንም ያው። ካሜራው ስንጥቅ አላሳየም። አለቃዋ የትሏን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣ «እናቷ ነሽ፣ አውቃለሁ። ግን ልጅሽ አርጅታለች። አዲስ እንጀምር፤» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገራት። ያም ሆኖ ቃሉ ከነከናት።

ማምሻውን ለባሏ ነገረችው። ሾፌሩ ፊቱን ወደ እሷ አዞረና፣

«ከመውደቋ በፊት ታዘነብላለች?» አላት።

«ትንሽ። ወደ ግራ።»

«ሌላ ቧንቧ ውስጥስ?»

«ኧረ፣ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።»

«እንግዲያው ልጅቷን ተያት። መኪናዬ በሄድኩበት ሁሉ ወደ አንድ ጎን ከጎተተኝ መኪናዬን አስመረምራለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከጎተተኝ ግን ወርጄ መንገዱን አያለሁ። ያ ቦታ ከሥሩ ልል ነው።»

ጠዋት ቀድማ ገብታ የሦስቱንም ቀን ቪዲዮ ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ አስደግፋ ትሏ የወደቀችበት ጋ የቧንቧውን ክብ ለካች። ክብ መሆኑ ቀርቶ በጣም በትንሹ እንቁላል መስሏል፤ ግራ ጎኑም ወደ ታች ሰምጧል። ያለ ማስመሪያ ለዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም። አለቃዋን ጠርታ አሳየችው። ጎንበስ ብሎ ሁለቴ ራሱ ለካና ስልኩን አነሣ።

በዚያው ቀን ከቧንቧው ጎን አስቆፈሩ። ሠራተኞቹ ሁለት ሜትር ያህል እንደወረዱ አካፋው ባዶ መታ። ውሃው አፈሩን ከሥር ጠርጎ ወስዶት፣ አንድ ክፍል የሚያህል ዋሻ ሠርቷል። በላዩ ላይ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነበር። ሰዎች ጥላውን ተጠግተው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሠራተኞቹ በዝግታ፣ ማንንም ሳያስደነግጡ፣ ወደ ማዶ አሻገሯቸው። መንገዱ አምስት ሳምንት ተዘግቶ ዋሻው ተሞላ፣ ቧንቧውም ተቀየረ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

«ማን ነው የነገረሽ?» አላት አለቃዋ።

«ሾፌር።»

«የየትኛው ክፍል ሾፌር?»

«የእኔ።»

አለቃዋ ሳቀና፣ «አምጪውና እንተዋወቅ፤» አላት። ትሏ ላይ ማዘንበሏን የሚለካ መሣሪያ የገጠመችላት ዕለት ባሏን ይዛው መጣች። ወርክሾፑ ውስጥ ጠረጴዛው ጋ አቁማ እጁን ትሏ ላይ አሳረፈችለት። ጎማዎቿን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ የመብራቷን መስተዋት ዳሰሰ።

«እንዲህ ትንሽ ናት እንዴ? እኔ እኮ የጭነት መኪና ነው የምነዳው የመሰለኝ፤» አለና ሳቀ። ከልቡ ሲስቅ ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን አብሯት ይወጣል። መንገድ ዳር የቆመው መኪና ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ የቧንቧውን ድምፅ ይሰማል። ባለፈው ማክሰኞ ድንገት ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«አቁሚያት።»

አቆመቻት። «ምን ሰማህ? ስንጥቅ ነው?»

«ምንም አይደለም። ውሃው ሲያልፍ ደስ ስላለኝ ነው። ትንሽ እንቆይ።»

ስክሪኑ ላይ መብራቱ ውሃውን ይዞ ቆመ። እሷም ሁለተኛውን ማዳመጫ አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች።